የጋሽ ደምሴ ጥቁር ማርቸዲስ

የጋሽ ደምሴን ማረፍ የነገረኝ የእድራችን ጸሐፊ ነው። ስልክ የደወለልኝ ቁርስ ላይ ሳለሁ ነበር። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መርዶውን ነገረኝ፤ በሁለተኛው የሕይወት ታሪኩን ጽፌ እስከ አምስት ሰዓት እንዳደርስ አዘዘኝ። ልደታ ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪክ ጸሐፊው እኔ ነኝ። ጋዜጠኛ ስለነበርኩ እንደ ግዴታዬ ከተቆጠረ ቆይቷል። እስካሁን የጻፍኩላቸው ሟቾች ሁሉ ሰው አክባሪ፣ ሥራ ወዳድና ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ። ጋሽ ደምሴን ግን በቅርብ አውቀው ስለነበር በዚህ ብቻ ልሸኘው አልወደድኩም፤ አንድ ሙሉ ገጽ ስለ መኪናው ጻፍኩ።

የእድሩ ሊቀ መንበር ገጹን አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አነበቡት። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ አንሥተው ከላይ እስከ ታች ሰረዙት።

«ልጄ፣» አሉኝ፤ ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ «ይኸ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ከተነበበ ሬሳው ፊት ሰው ይስቃል።»

ልከራከራቸው አልቻልኩም። ሲያነቡ እሳቸው ራሳቸው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ስለዚህ በቀብሩ ዕለት የተነበበው ያው የተለመደው ሆነ። የተሰረዘውን እዚህ አሰፋዋለሁ። ያላየሁትንና ያልሰማሁትን አልጨመርኩም፤ ሰውየው ራሱ ቢያነበው ቅር የሚለው ውሸት ከተገኘበት ብቻ ስለሆነ።

በደርግ ዘመን እኔና ጋሽ ደምሴ አንድ ጋዜጣ ቤት እንሠራ ነበር። እኔ ዘጋቢ ነኝ። እሱ የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ ነው፤ ከእኛ ቢሮ አልፎ በአካባቢው ያሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ታይፕ ሲበላሽባቸው እሱን ያስጠሩ ነበር። ቤታችንም ልደታ፣ አጥር ለአጥር ነው። ያኔ አርባ አራት ዓመቱ ነበር፤ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ከእኔ በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጣል።

ዋናው ጠባዩ አለመዋሸቱ ነው። አለመዋሸት ስል ሰው ለሙገሳ የሚለውን ዓይነት ማለቴ አይደለም፤ የሚያስቸግር ዓይነት ነበር። የተጠየቀውን ከመመለሱ በፊት ከካፖርቱ ኪስ የዘይት ጨርቅ ያወጣና አሥሩንም ጣቶቹን አንድ በአንድ ይጠርጋል። ጨርቁ ሲወጣ የሚያውቀው ሰው ሁሉ ጥያቄውን መልሶ መዋጥ ቢችል ይወድ ነበር። አንድ ጊዜ ዋና አዘጋጃችን አዲስ ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡና እንዴት ነው ብለው ጠየቁት። ጣቶቹን ጠርጎ ጨረሰና «ትከሻው የሌላ ሰው ነው» አላቸው። ሲቆጡት አልደነገጠም። «እኔ ያየሁትን ነው የምናገረው» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ይህችን አባባል በቀን ስንት ጊዜ እንደሚላት ባልቆጥርም ብዙ ጊዜ ነው።

ለእኔ ዓይነቱ ሰው እንዲህ ያለ ጎረቤት ሀብት ነው። የነገረኝን ወሬ ሌላ ቦታ ሄጄ አጣርቼ አላውቅም።

አስካለ የመጣችው በዚህ መሐል ነው። ከእኛ ቢሮ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ባለ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ ከጋሽ ደምሴ በጥቂቱ ይበልጣል፤ ስትስቅ ሳቋ ከቢሮው አልፎ ኮሪደር ድረስ ይሰማል። አንድ ቀን ታይፗ ተበላሸና አስጠራችው። በሳምንቱ እንደገና አስጠራችው። በሚቀጥለውም ሳምንት እንዲሁ።

ጋሽ ደምሴ ከእያንዳንዱ ጥገና በኋላ የሚሞላው ቅጽ አለ። እነዚያን ቅጾች በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። በመጀመሪያው ላይ «ሪባን ተቀይሯል» ይላል። ከዚያ በኋላ ባሉት አሥራ አንድ ቅጾች ላይ በሙሉ «ብልሽት አልተገኘም» ተብሎ ተፈርሞበታል። የአስተዳደር ኃላፊው ጠርተው ካልተበላሸ ለምን ትሄዳለህ ሲሉት ስለተጠራሁ ነው አላቸው። ታዲያ ለምን ሁለት ሁለት ሰዓት ትቆያለህ ሲሉት ጣቶቹን ጠረገና ብልሽቱን ስንፈልግ ነው አለ። ማን ማን? እኔና አስካለ። ኃላፊው ቅጾቹን ሰብስበው ፋይል ውስጥ ከተቱና ሽማግሌ እንዲልክ መከሩት።

ችግሩ አስካለ ወንድም ነበራት። አቶ ዘለቀ ይባላሉ፤ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጨርቅ የሚነግዱ፣ አባትና እናታቸው ሲሞቱ እሷን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደጉ ሰው ናቸው። አስካለ ቁርጡን ነግራዋለች፤ ወንድሟ እሺ ካሉ ታገባዋለች፣ እምቢ ካሉ ግን ያሳደጋትን ሰው ገፍታ የትም አትሄድም። ጋሽ ደምሴ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። በአርባ አራት ዓመቱ እውነቱን የምትወድለት ሴት አግኝቷል፤ የሷ መምጣትና መቅረት በአንድ የማያውቀው ጨርቅ ነጋዴ አፍ ላይ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበርን። አንደኛው ሐጂ ኑሩ ናቸው፤ ልደታ ቅመም የሚሸጡ፣ ሰፈሩ ውስጥ ያልገቡበት ሽምግልና የሌለ፣ ሰውነታቸው በጣም የሚከብድ ሰው። ሁለተኛው አቶ በላቸው፣ የጋዜጣችን አራሚ፣ ንግግር ያውቃሉ ተብለው ተመረጡ። ሦስተኛው እኔ ነኝ። ለሽምግልና ዕድሜዬ ባይደርስም ያየሁትን በትክክል ይዤ እንድመለስ ነው የተላክሁት።

የመጀመሪያው ጉዞ የተደረገው በጋሽ ደምሴ ሴይቼንቶ ነበር። ያቺን ትንሽ ፊያት ያላወቀ የአዲስ አበባ ሰው የለም፤ ያኔ ታክሲውም እሷው ናት። አግቢው ሽማግሌ በላከበት ቤት ደጃፍ መታየት ነውር ስለሆነ ጋሽ ደምሴ በተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ ሊያወርደንና ሊደበቅ ተስማማን። አቶ በላቸውና እኔ ከኋላ ታጥፈን፣ ሐጂ ኑሩ ከፊት ተቀምጠው ደረስን። ሐጂ ግን መውረድ አቃታቸው። ጉልበታቸው ከፊት፣ ሆዳቸው ከጎን ይዟቸዋል። አቶ በላቸው ከኋላ ይገፋሉ፣ ጋሽ ደምሴ ከውጭ ይስባል፣ እኔ ገና ከኋላ ወንበር አልወጣሁም። ሐጂ ከዚያች መኪና ሲወጡ ነጠላቸው በሩ ላይ ቀርቶ ነበር።

ይህን ሁሉ የአቶ ዘለቀ ዘበኛ ከሩቅ ቆሞ አይቷል። አቶ ዘለቀ በአክብሮት ተቀበሉን፤ ጥያቄያችንን ሰሙና ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ እንድንመለስ ቀጠሩን። ሰኞ ዕለት ግን አስካለ ወደ ጥገናው ክፍል መጣች። ሳቅና ለቅሶ ተቀላቅሎባት ነበር። ዘበኛው ያየውን ለወንድሟ ተርኮላቸው ኖሮ፣ «ሦስት ሽማግሌ እንደ ጥጥ ጠቅጥቆ የሚልክ ሰው አንቺን የት ሊያስቀምጥሽ ነው?» ብለዋታል። በሁለተኛው ቀጠሮ ነገሩን እንደሚዘጉትም ነግረዋታል።

ጋሽ ደምሴ ያን ቀን ምንም አልሠራም። ማታ ወደ ቤት ስንሄድ መኪናውን ሊለውጥ መወሰኑን ነገረኝ።

ጊዜውን ማስታወስ ያስፈልጋል። ቤንዚን በኩፖን ነው የሚታደለው። ትልቅ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ወደ ትንሽ መኪና የሚሸሽበት ወቅት ነው፤ ቤንዚኑም አይበቃውም፣ የሚያየው ዓይንም በዝቶበታል። ወደ ትልቅ መኪና የሄደ ሰው እኔ የማውቀው አንድ ጋሽ ደምሴን ብቻ ነው። እዚያው ልደታ ንግዱ የተወረሰበት አንድ የቀድሞ አስመጪ ነበር። ጥቁር ማርቸዲሱን ሸራ አልብሶ ግቢው ውስጥ አስቀምጧል፤ በትንሽ መኪና ራስ በራስ ለመለወጥ ሰው ያፈላልጋል።

ለውሉ ምስክር ሆኜ አብሬው ሄድኩ። አስመጪው ሸራውን ገለጠና ስለ መኪናው ይናገር ጀመር፤ ወንበሩ ቆዳ ነው፣ ሞተሩ ሰዓት ነው፣ የነዱት እሱና ሹፌሩ ብቻ ናቸው። ሲጨርስ ጋሽ ደምሴ ከኪሱ በታይፕ የተጻፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጠው። የሴይቼንቶዋ ጉድለት በተራ ቁጥር ተዘርዝሯል፤ አሥራ ሰባት ነው። ሁሉም እሱ ራሱ በአሥር ዓመት ያደረሰባት ነው፤ በየተራ ቁጥሩ ጎን እንዴት እንዳደረሰው ጽፎበታል። አስመጪው እያነበበ ሄዶ ዘጠነኛው ላይ ቆመና ቀና አለ። ይህን ሁሉ የሚናገር ሰው የደበቀው ምን ያህል ቢሆን ነው ብሎ ሳይሠጋ አልቀረም። ወደ ጎን ወስዶ ጠየቀኝ። የደበቀው የለም አልኩት። አላመነኝም። በመጨረሻ አሥራ ሰባቱ ጉድለቶች ከውሉ ጋር ተያይዘው ተፈረመባቸውና ልውውጡ ተፈጸመ።

አስመጪው ሳይናገር ያለፈው አንድ ነገር ነበር። ልጆቹ እየከፈቱ ስላስቸገሩት የኋላ በሮቹን የውስጥ መክፈቻ አስነቅሎታል። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ነጂው ወርዶ፣ ዞሮ ካልከፈተለት በቀር መውጣት አይችልም።

ማርቸዲሷ ሰፈራችን ስትገባ የሆነውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። መጀመሪያ የቀበሌው የአብዮት ጥበቃ ጓድ ተነሥቶ ሰላምታ ሰጣት። ቀጥሎ ጋሽ ደምሴ ለውይይት ክበብ ተጠራና ጭቁኑ ሕዝብ በእግሩ በሚሄድበት ጊዜ እንዲህ ያለ መኪና ለምን እንዳስፈለገው ተጠየቀ። ጣቶቹን ጠረገና ሽማግሌ ለመላክ ነው አለ። ለማን ብሎ የጠየቀ ስለነበር ለማን እንደሆነም ተናገረ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ለማኅበራዊ ጉዳይ» ተብሎ ተጻፈ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልደታ ውስጥ የአስካለን ስም የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ሴቶቹ መንገድ ላይ እያስቆሙት ወንድምየው ምን አሉ ይሉታል። ገና ናቸው ይላል።

ሦስተኛው የሳሙናው ጉዳይ ነው። የቀበሌው ሱቅ በር ላይ ረጅም ሰልፍ ነበር፤ ባለ ሱቁ ሳሙና አልቋል ብሎ መዝጋት ጀምሯል። ልክ በዚህ ጊዜ ጋሽ ደምሴ ቤንዚን ለመቆጠብ ሞተሩን አጥፍቶ በቁልቁለቱ ሲወርድ መኪናዋ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመችበት። ባለ ሱቁ በመስኮት አየ። የመኪናዋ መስታወት ጥቁር ስለሆነ ውስጥ ማን እንዳለ አይታይም። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ከኋላ ክፍል ሁለት ካርቶን ሳሙና ወጣና ይታደል ጀመር። ሰልፈኛው ሳሙናውን እንደያዘ እየዞረ ለመኪናዋ እጅ ይነሣ ነበር።

ያን ምሽት የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው መጡና በየሳምንቱ ቅዳሜ እዚያ እንዲቆምላቸው ለመኑት። ምንም እንዳይናገር፣ እንዳይወርድ፣ ዝም ብሎ ብቻ እንዲቆም። ሌሊቱን አሰበበት መሰለኝ። በማግስቱ ሱቁ ድረስ ሄዶ ባለ ሱቁን «መኪናዋ የኔ ናት፤ እኔ ታይፕ ነው የምጠግነው» ብሎት ተመለሰ። አንድ ወር ሙሉ ልደታ ሳሙና ጠፋ። ሴቶቹ ሰላምታውን አልመለሱለትም።

የቀጠሮው ቅዳሜ ደረሰ። ጋሽ ደምሴ ለዚያ ቀን ቤንዚን ለማጠራቀም ሦስት ሳምንት በእግሩ ሄዷል። ልንነሣ ስንል ሐጂ ኑሩ አንድ የሹፌር ቆብ ከከረጢታቸው አወጡ። ድንገት ሰው ቢያየው ብለው ነው። ጋሽ ደምሴ ቆቡን አልነካውም።

«እኔ ሹፌር አይደለሁም» አለ።

«ማነው የሚነዳው?» አሉ ሐጂ።

«እኔ።»

«እንግዲያስ?»

ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ ዞረ። ሙያዬ በዚህ ጊዜ ሊረዳው ይገባ ነበር። እኔ ግን ሐጂ ከተናገሩት ውስጥ ስሕተት አላገኘሁም አልኩት። ቆቡን አደረገው። ለራሱ ትንሽ ይጠብ ነበር።

እቅዳችን በሩ ላይ አውርዶን፣ መኪናዋ ከታየች በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሄዶ እንዲጠብቀን ነበር። ዘበኛው ግን መኪናዋን ሲያይ ማን ናችሁ ሳይል ሁለቱንም የበር መዝጊያ ወለል አድርጎ ከፈተና ደረቱን ነፍቶ ቆመ። ከኋላችን ጋሪ መጥቷል፤ መቆም አይቻልም። ጋሽ ደምሴ ገባ። ዘበኛው ከኋላችን በሩን ዘጋው።

ግቢው ተረበሸ። ሁለት ሴቶች ጥቅል ጥቅል ጨርቅ በትከሻቸው ይዘው ወደ ጓሮ ሲሮጡ አየሁ። አቶ ዘለቀ የኮታቸውን ቁልፍ እየቆለፉ ወጡ፤ ደረጃው ላይ ቆመው የግራ እጃቸውን ጨብጠው ወደ ላይ አነሡና «ጓዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ» አሉ። ጋሽ ደምሴ ወርዶ የኋላውን በር ከፈተ። ሐጂ ኑሩ ነጠላቸው ሳይዛነፍ፣ ቀስ ብለው፣ እንደ ሚኒስትር ወረዱ።

አቶ ዘለቀ አወቋቸው። እጃቸውን አወረዱ።

ወደ ቤት ገባን። ማዕድ ቀርቧል፤ ለሐጂ ለብቻ እንቁላልና ማር ተዘጋጅቶላቸዋል። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ እህል አይቀምስምና ማናችንም እጃችንን አልታጠብንም። አቶ በላቸው ያዘጋጁትን ንግግር አሰሙ። ጥሩ ንግግር ነበር፤ ሁለት ቦታ ላይ ራሳቸውን አርመዋል። አቶ ዘለቀ ግን የሚሰሙ አይመስሉም፤ ዓይናቸው በመስኮቱ መኪናዋ ላይ ነው።

«የላካችሁ ሰው ታይፕ ጠጋኝ ነው ብላችሁኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ።

ነው አልናቸው።

«ታይፕ ጠጋኝ በሁለት ወር ውስጥ ማርቸዲስ ገዝቶ ሹፌር የሚቀጥረው ከየት አምጥቶ ነው? ወይ ሰርቋል፣ ወይ ሰው እያሳሰረ ነው። እኔ እህቴን ለሁለቱም አልሰጥም።»

ሐጂ ኑሩ አሳላቸው። አቶ በላቸው ወደ እኔ ተመለከቱ። ስለ ሹፌሩ እውነቱን ብንናገር አግቢውን ደጃፋቸው ድረስ ይዘን መጣን ማለት ነው፤ ብንዋሽ ደግሞ በጋሽ ደምሴ ስም መዋሸት ነው። ዝርዝሩን አላጣራሁም አልኩ። በሥራ ዘመኔ ካልኳቸው ነገሮች በዚህ አፍራለሁ።

አቶ ዘለቀ ተነሡ። «ሹፌር የጌታውን ነገር ያውቃል» ብለው ወጡ። እኔ የተቀመጥኩት ከመስኮቱ ሥር ስለነበር ሁሉንም ሰምቻለሁ።

ጋሽ ደምሴ ከመኪናዋ ጎን ቆሟል። አቶ ዘለቀ ቀረቡትና ጌታህ እንዴት ያለ ሰው ነው አሉት። ጌታ የለኝም አለ። አቶ ዘለቀ ጊዜው የማይወደውን ቃል የተናገሩ መሰላቸውና ቶሎ አረሙ።

«የመኪናው ባለቤት ማለቴ ነው። ደምሴ።»

«እሱን አውቀዋለሁ።»

«ስንት ይከፍልሃል?»

ጨርቁ ወጣ። ጣቶቹ ተጠረጉ። «ምንም አይከፍለኝም።»

«በነጻ ነው የሚያሠራህ?»

«አዎ።»

«ይኸ በደል ነው።»

«ለምጄዋለሁ።»

ሐጂ ኑሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አቶ ዘለቀ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ጠየቁት። ገንዘብ እንደሌለው፣ መኪናዋን በሴይቼንቶ እንደለወጣት፣ ቤንዚኑንም በእግሩ እየሄደ እንዳጠራቀመው ነገራቸው። የባለሥልጣን ወዳጅ እንዳለው ጠየቁት። የቀበሌውን ሱቅ ኃላፊ ያውቀዋል፣ ግን አይዋደዱም አለ። ይጠጣል ወይ አሉት። በዓመት በዓል ሁለት ብርሌ ጠጅ ይጠጣል፤ ሦስተኛው ላይ ይዘፍናል፤ ድምፁ ጥሩ አይደለም። ይቆጣል ወይ አሉት። አንድ ጊዜ ተቆጥቶ ሊወረውር የጽሕፈት መኪና ከጠረጴዛ ላይ አነሣ፤ ስለከበደው መልሶ አስቀመጠው።

«ሌላ ሴት አለችው?»

«የለችውም። ከስምንት ዓመት በፊት አንዲት ነበረች። ጠይቃው እውነቱን ሲነግራት ሄደች።»

«ምን ጠይቃው?»

«የሠራችው ወጥ ጣፍጦት እንደሆነ።»

አቶ ዘለቀ ወደ ቤቱ ገልመጥ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የኔም እህት ወጥ አትችልም።»

«ያውቃል። ቢሮ በሳህን አምጥታለት ቀምሷል።»

«ታዲያ ምን አላት?»

«ምንም አላላትም። መጀመሪያ ራሷ ቀመሰችው፤ ራሷ ሳቀች። እሱም ሳቀ። ከዚያ ዳቦ ገዙ።»

አቶ ዘለቀ ሹፌሩን ከቆቡ እስከ ጫማው አዩት። እንደገና ደግሞ ወደ ላይ አዩት። የሚቀጥለውን ጥያቄ ሲያወጡ ድምፃቸው ተለውጦ ነበር።

«አንተ ብትሆን ለዚህ ሰው እህትህን ትሰጣለህ?»

ጋሽ ደምሴ ጣቶቹን ጠረገ። አሥሩንም ጨረሰና እንደገና ከአውራ ጣቱ ጀመረ። በጓዳው በር መጋረጃ ሥር የሴት ጫማ ይታየኝ ነበር፤ አስካለም እየሰማች ነው።

«መጀመሪያ እሷን እጠይቃታለሁ» አለ። «እሺ ካለች እሰጠዋለሁ። መኪናውን ግን እንዲመልስ እነግረዋለሁ።»

«ለምን?»

«ሰው ያስደነግጣል። እርስዎንም አስደነገጠ። እኔ ያየሁትን ነው የምናገረው።»

አቶ ዘለቀ ወደ ጓሮ፣ ጨርቁ ወደ ሄደበት አቅጣጫ አዩ። ወደ ቤት ተመለሱና ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። አቶ በላቸው ሌላ ንግግር ለመጀመር ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ በእጃቸው ዝም አሰኟቸው።

«ሹፌራችሁ ይግባ።»

ሐጂ ኑሩ ደነገጡ። አግቢው መልስ ሳያገኝ የዚያን ቤት ደፍ መርገጥ የለበትም። ሹፌሩ መኪናውን መጠበቅ እንዳለበት፣ ደግሞም እንደማይርበው ለማስረዳት ሞከሩ።

«ሐጂ፣» አሉ አቶ ዘለቀ፣ «ግቢዬ ተዘግቷል፤ መኪናውን የሚወስድ የለም። ይግባ ብያለሁ።»

ዘበኛው ሄዶ ጠራው። ጋሽ ደምሴ መጣና ከደፉ ውጭ ቆመ። ቆቡን አውልቆ በእጁ ይዞታል፤ ግንባሩ ላይ የቆቡ ምልክት ቀርቷል። ግባ አሉት አቶ ዘለቀ። አልገባም አለ።

«ለምን?»

«ሹፌር ነው ብለው ከሆነ የጠሩኝ፣ በዚህ ስም ልገባ አልችልም።»

አቶ በላቸው ጭንቅላታቸውን ያዙ። ሐጂ በሹክሹክታ ያረብ ማለት ጀመሩ። እኔ የማየው አቶ ዘለቀን ነበር፤ አልተቆጡም፣ አልተገረሙምም።

«እንግዲያስ ማን ብዬ ላስገባህ?»

ጋሽ ደምሴ ጨርቁን ሊያወጣ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። እጁ ቆቡን ይዞ ስለነበር አልቻለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቶቹን ሳይጠርግ መለሰ።

«ደምሴ ነኝ። ታይፕ እጠግናለሁ።»

«ግባ፣ ደምሴ» አሉ አቶ ዘለቀ፤ ከጎናቸው ያለውን ወንበር እየሳቡ። «ወጡን እኔ ቤት የምትሠራው ሠራተኛዋ ናት፤ አትፍራ።»

ከመጋረጃው ጀርባ ያ ኮሪደር የሚሞላው ሳቅ ተሰማ። አስካለ ማስታጠቢያውን ይዛ ወጣች። መጀመሪያ ወደ ሐጂ ኑሩ ሄደች፤ ዓይኗ ግን ሌላ ቦታ ስለነበር ውኃው እጃቸውን ስቶ ካልሲያቸው ላይ ፈሰሰ። ሐጂ እጃቸውን ወደ ውኃው አስጠጉ። አቶ በላቸውና እኔ እጅጌያችንን ሰብስበን ተራችንን ጠበቅን።